ከመጥረቢያ የተረፈችው ጀልባ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እንግሊዝ አገር ሬድካር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ትንሽ ሙዚየም ገባሁ። መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የእንጨት ጀልባ አለ። በዓለም ላይ ካሉት የነፍስ አድን ጀልባዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናት አሉኝ፤ በ1802 የተሠራች። እንጨት ሆና ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቆየች? እውነት ውሃ ሞልቷትም አትሰምጥም ነበር? ሸራ ለምን የላትም? ማንስ ነው የፈለሰፋት? አስጎብኚው ሁለት ስም ጠራና ግራ አጋባኝ። ዛሬ ባሕር ላይ ብትወርድስ ትንሳፈፋለች?»

አንድ ጥያቄ ብለው አምስት ጠየቁኝ። ደስ ብሎኛል። አሮጌ የእንጨት ጀልባ መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ወሬው ሲነሳ ማቆም ያቅተኛል፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ውስጥ ብገባ ይታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ያዩዋት ጀልባ ዜትላንድ ትባላለች። አስጎብኚው አላጋነነም፤ ከተረፉት የነፍስ አድን ጀልባዎች መካከል በዕድሜ የሚበልጣት የለም። ተከታይዋ ታይን የምትባለው ናት፤ በ1833 የተሠራች። እሷም ሩቅ አይደለችም። ዜትላንድ በተሠራችበት በሳውዝ ሺልድስ ከተማ መንገድ ዳር መጠለያ ተሠርቶላት ቆማለች። ሳውዝ ሺልድስ የታይን ወንዝ ባሕር የሚገባበት አፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሁለቱ ስሞች ነገር የሚጀምረውም እዚያ ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

በ1789 አድቬንቸር የምትባል መርከብ በማዕበል ተመትታ ወንዙ አፍ ላይ ካለው አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ከባሕሩ ዳርቻ የነበራት ርቀት ከ300 ሜትር አይበልጥም። ሕዝቡ ዳር ቆሞ ያያል። መርከበኞቹ ምሰሶና ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። ብርዱና ድካሙ ሲበረታባቸው አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ እየወደቁ ሞቱ። ጀልባ አልጠፋም፤ ዳርቻው ሙሉ ጀልባ ነበር። ችግሩ በዚያ ማዕበል ወጥቶ የሚመለስ ጀልባ አለመኖሩ ነው። የከተማው ሰው ይህን ቆሞ ካየ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። «የሎ ሃውስ ጌቶች» የሚባሉ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች ማኅበር ነበር። እነሱ ውድድር አወጁ፦ በማዕበል ውስጥ የማይሰምጥ ጀልባ ሞዴል ላመጣ ሰው ሁለት ጊኒ ሽልማት። ጊኒ ከፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ ነው።

አንደኛው ተወዳዳሪ ዊሊያም ዉድሄቭ ነው። በቅድስት ሂልዳ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ነበር፤ በእኛ አገር ቢሆን ደብተራ የምንለው ዓይነት። ኪሱ ባዶ፣ ጭንቅላቱ ሙሉ፣ ምላሱ ስለታም። ስለ እሱ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ከጉድጓድ ውሃ የቀዳች ሴት አግዘኝና ልሸከም አለችው። ውሃው እየተንቦጫረቀ እንዳይፈስባት የእንጨት ሳህን ስባሪ ጣል አድርጋበታለች፤ እናቶቻችን እንስራ አፍ ላይ ቅጠል እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ዉድሄቭ ስባሪዋን በጣቱ ገለበጣት። ተመልሳ ቀና አለች። ደግሞ ገለበጣት። ደግሞ ቀና አለች። ሴትዮዋ ውሃዋን ይዛ ሄደች፤ እሱ ግን ሐሳቡን ይዞ ቀረ። ጫፍና ጫፏ ከፍ ያለ፣ ሆዷ ዝቅ ያለ ነገር ብትገለበጥም በራሷ ትቃናለች። በቆርቆሮ ትንሽ ሞዴል ሠራ። ጫፎቿ አየርና ቡሽ የታጨቀባቸው፣ ብትገለብጧት የምትነሳ።

ኮሚቴው ሞዴሉን አየና ግማሹን ሽልማት ሰጠው። አንድ ጊኒ። ዉድሄቭ በዚህ ምን ያህል እንደተናደደ መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው ሄንሪ ግሬትሄድ ነው፤ ጀልባ ሠሪ። እሱ ያመጣው ሞዴል እንደ ሥጋ ቤት ገበታ ጠፍጣፋ ነበር ይባላል። ሞዴሉ አልተወደደም፤ ሰውየው ግን ሙያተኛ ነው። ከዚያ ኒኮላስ ፌርልስ የሚባለው የኮሚቴው አባልና አንድ ባልደረባው ከቀረቡት ሐሳቦች የሚሻለውን እየለቀሙ በሸክላ ጭቃ ሌላ ሞዴል አበጁ። ሥራውን ለግሬትሄድ ሰጡት። እሱ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረበት። የጀልባዋን የጀርባ አጥንት፣ ማለትም ከታች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደውን ዋና እንጨት፣ ቀጥ ያለ ከማድረግ ይልቅ እንደ ጨረቃ ደጋን አጎበጠው። በዚህ ምክንያት ጀልባዋ መሀሏ ላይ እንደ እንዝርት በቀላሉ ትዞራለች። የመጀመሪያዋ ጀልባ በ1790 ጥር መጨረሻ ላይ ሰው ለማዳን ወጣች። ስሟንም «ኦሪጂናል» አሏት። እስከ 1830 ድረስ ስትሠራ ቆይታ ድንጋይ ላይ ተሰብራ አበቃላት።

በ1802 የእንግሊዝ ፓርላማ ለግሬትሄድ 1,200 ፓውንድ ሸለመው። ለዉድሄቭ አንድ ጊኒ፣ ለግሬትሄድ 1,200 ፓውንድ። ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ። ለግሬትሄድ ግን አንድ ነገር መመስከር ያስፈልጋል፦ ንድፉን ለብቻው ይዞ አልነገደበትም፤ የባለቤትነት መብት አላወጣበትም። 31 የነፍስ አድን ጀልባዎች ሠራ። ከእነዚያ ውስጥ ዛሬ የቀረችው አንድ ብቻ ናት፤ እርስዎ ያዩዋት።

ዉድሄቭ በ1821 ሲሞት መቃብሩ ላይ የነፍስ አድን ጀልባ ፈልሳፊ ነው ተብሎ ተጻፈለት። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ከሁለቱም በፊት፣ በ1785፣ ላዮነል ሉኪን የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ «የማይሰምጥ ጀልባ» ብሎ መብት ማስመዝገቡ ነው። ሃይዝ በምትባል ከተማ የእሱም የመቃብር ድንጋይ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ይላል። ሁለት መቃብሮች እስካሁን ይከራከራሉ። እኔን ከጠየቁኝ፣ ያዩዋት ጀልባ የግሬትሄድ እጅ ናት። የዉድሄቭ ዋና ሐሳብ፣ ተገልብጣ በራሷ የምትነሳው ነገር፣ ዜትላንድ ውስጥ የለም። ይህን በልብዎ ይያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ውሃው። ውሃ ሞልቷት አትሰምጥም ወይ? አትሰምጥም ነበር፤ ተአምርም የለበትም። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ታንኳው ውስጥ ውሃ ቢገባ ታንኳው አይሰምጥም፤ የሚያንሳፍፈው ባዶ ሆዱ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ነው። ተራ የእንጨት ጀልባ ግን የምትንሳፈፈው ሆዷ ውስጥ ባለው አየር ነው። የአየሩን ቦታ ውሃ ሲይዘው ጭነቷ፣ ምስማሯና ሰዎቿ ወደ ታች ይጎትቷታል። ግሬትሄድ ያደረገው ጀልባዋን ወደ ታንኳው ጠባይ ማምጣት ነው። ኦሪጂናልን ሲሠራ ወደ 350 ኪሎ የሚጠጋ ቡሽ በጎኖቿ ላይ ከውስጥም ከውጭም አሰረባት። ቡሽ ከውሃ አምስት እጥፍ ያህል ይቀላል። ስለዚህ ያ ሁሉ ቡሽ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከአንድ ቶን በላይ ወደ ላይ ይገፋል። በግምት የሃያ ሰው ክብደት ነው። አጋጣሚ ሆኖ ጀልባዋ እንድትይዝ የሚጠበቀውም ያን ያህል ሰው ነበር። ማዕበል ገብቶ አፍ እስከ ገደፏ ቢሞላት እንኳ ቀዛፊዎቹ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው መቅዘፍ ይችላሉ። ምቾት የለውም። ግን ይመለሳሉ።

ሌላም ብልሃት አላት። ሲያዩዋት ፊትና ኋላዋን መለየት አልቻሉም፣ አይደል? ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። በማዕበል መሀል ጀልባ ማዞር ማለት ጎንን ለማዕበል መስጠት ነው፤ ጎኗን የሰጠች ጀልባ ደግሞ ትገለበጣለች። በዚህች ግን ጀልባዋን ማዞር አያስፈልግም። ቀዛፊዎቹ ራሳቸው ዞረው ይቀመጣሉ፤ ኋላ የነበረው ፊት ይሆናል። መቅዘፊያዎቹ በእንጨት ችንካርና በገመድ ቀለበት የተያዙት ለዚህ ነው፤ ወዲህም ወዲያም ይቀዘፋል። መሪም የላትም። አለቃው ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ ይመራታል። ርዝመቷ 30 ጫማ ያህል ነው፤ 9 ሜትር መሆኑ ነው። ስፋቷ ደግሞ 10 ጫማ ያልፋል። ይህ ለርዝመቷ በጣም ሰፊ ነው፤ ቂጧን አደላድላ የምትቀመጥ ጀልባ ናት። ግሬትሄድ ለገዢዎች በጻፈው መመሪያ ጀልባዋን ከውጭ ነጭ ቀቧት ይላል። ምክንያቱም ከማዕበሉ ሸለቆ ብቅ ስትል ነጩ ቶሎ ዓይን ይገባል። የሚሰጥም ሰው መጣልኝ ብሎ ተስፋ የሚያደርገው ሲያያት ነው።

ሸራን በተመለከተ የጠየቁት በጣም ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ባሕርና ሸራን አይለይም። ግን ያስቡት፦ መርከብ ወደ ዳርቻ ተገፍታ ድንጋይ ላይ የምትወጣው መቼ ነው? ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ ነው። ስለዚህ ከዳርቻ ተነስቶ ሊያድናት የሚሄድ ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ሸራ ደግሞ ነፋስ ወደመጣበት በቀጥታ አይሄድም፤ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። መርከቧ ያለችው የአንድና የሁለት ሺህ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ ዙሪያው ድንጋይ ሆኖ፣ ለመጠማዘዝ ጊዜውም ቦታውም የለም። እዚህ የሚያዋጣው ክንድ ብቻ ነው። አሥር መቅዘፊያ።

ወደ ደቡብ ወርደው ሳፎክ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ መርከብ የሚበላው አሸዋ ከዳርቻ ብዙ ኪሎሜትር ርቆ ባሕር መሀል ነው። ያን ያህል ርቀት በማዕበል ቀዝፎ የሚደርስ ሰው የለም፤ ቢደርስም ደክሞ አዳኝ ፈላጊ ይሆናል። ስለዚህ የዚያ አገር ዓሣ አጥማጆች ሸራን ዋና፣ መቅዘፊያን ረዳት አደረጉ። ከዚህ ዓይነቱ ማየት ከፈለጉ ሳውዝዎልድ ይሂዱ። አልፍሬድ ኮሪ የምትባል ጀልባ አለች፤ በ1893 ግሬት ያርማውዝ ውስጥ የቢቺንግ ወንድማማቾች የሠሯት። 44 ጫማ ናት። ሁለት ምሰሶ አላት። ሆዷ ውስጥ ሆን ተብሎ የባሕር ውሃ ይገባል፤ ክብደት ሆኗት ሸራዋን ችላ እንድትቆም። ዳርቻ ስትደርስ ውሃውን አፍስሰው አቅልለው ይጎትቷታል። እስከ 1918 ሠርታ ተሸጠች። የሀብታም መዝናኛ ሆነች፣ ስሟ ተቀየረ፣ ኋላም ሰው የሚኖርባት ቤት ሆነች። የመጀመሪያው አለቃዋ ጆን ክሬጊ ይባል ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ፈልጎ አግኝቶ የመለሳት ከእሱ ዘር የተወለደ ሰው ነው። እሷን ስጎበኝ ግማሽ ቀን ሙሉ ሰሌዳዋን ስደባብስ ዋልኩ፤ አብሮኝ የነበረው ሰው ትቶኝ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ወደ ዜትላንድ እንመለስ።

ሬድካር በዚያ ዘመን ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ፊቷ ላይ ውሃ ሲጎድል የሚታይ፣ ሲሞላ የሚሰወር የድንጋይ ንጣፍ አለ። በዚያ በኩል ደግሞ ከኒውካስል ወደ ለንደን የድንጋይ ከሰል የሚጭኑ መርከቦች ቀንና ሌሊት ያልፋሉ። ለንደን የምትሞቀው በእነሱ ነው። አብዛኞቹ ብሪግ የሚባሉ ባለሁለት ምሰሶ መርከቦች ናቸው። አርጅተው የሚያፈስሱ፣ ጭነታቸው ከአቅማቸው የሚበልጥ ብዙ ነበሩ። ማዕበል ሲነሳ ድንጋዩ ላይ ይወጣሉ።

ጀልባዋ ሬድካር የገባችው በ1802 ጥቅምት 7 ቀን ነው። ሁለት ወር ሳትቆይ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ፍሬንድሺፕ እና ሳራ ከሚባሉ ሁለት ብሪጎች 15 ሰው አወጣች። «ዜትላንድ» የሚለው ስም የአካባቢው ባለርስት ቤተሰብ የማዕረግ ስም ነው።

ሰዎቿን የሚጠራቸው ከበሮ ነበር። መርከብ ችግር ላይ ስትወድቅ አንድ ልጅ ከበሮ እየመታ በመንደሩ መንገድ ይሮጣል። ወንዶቹ ከአልጋም ከመጠጥ ቤትም ይወጣሉ። ደመወዝተኛ የሚባል የለም። ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ከሚቀዝፉት ውስጥ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም አለበት። አንዲት ጀልባ ብትገለበጥ አንድ ሰፈር ሙሉ ወንድ አልባ ሊቀር ይችላል። ይህ የተጋነነ እንዳይመስልዎ። በ1849 ታኅሣሥ ሳውዝ ሺልድስ ውስጥ ፕሮቪደንስ የምትባል የነፍስ አድን ጀልባ ተገለበጠችና ከ24 ሰዎቿ 20ው ሞቱ። በ1861 የካቲት ከሬድካር በስተደቡብ ዊትቢ ላይ በአንድ ቀን 12 አዳኞች ሰመጡ። የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን አንድ ብቻ ነው፤ ያኔ አዲስ የመጣውን የቡሽ ሰደርያ የለበሰው እሱ ብቻ ነበር።

ዜትላንድ በ78 ዓመት ውስጥ ከ500 በላይ ሰው አዳነች። ከራሷ ሰዎች ያጣችው አንድ ነው። ዊሊያም ጋይ ይባላል። በ1836 በገና ዕለት ካሮላይን የምትባል የዴንማርክ ብሪግ ለማዳን ወጥተው ማዕበሉ ከጀልባዋ ጠርጎ ወሰደው። ካሮላይን ላይ ከነበሩትም የተረፈ የለም። የከተማው ሰው ያን ገና እንዴት እንዳሳለፈው ሳስበው ይከብደኛል። በማግስቱ መርከብ ቢሰበር ከበሮው ይመታል፤ እነዚያው ሰዎች ይወጣሉ።

አሁን ያ በልብዎ ይያዙልኝ ያልኩት ነገር መጣ። ከፕሮቪደንስ አደጋ በኋላ የኖርዘምበርላንድ መስፍን ለተሻለ ጀልባ 100 ጊኒ ሽልማት አወጀ። 280 ሞዴል ቀረበ። በ1851 ያሸነፈው ጄምስ ቢቺንግ ነው፤ የግሬት ያርማውዝ ጀልባ ሠሪ። አልፍሬድ ኮሪን የሠሩት ወንድማማቾች ከዚያው ከተማ፣ በዚያው ስም። የአሸናፊው ጀልባ ዋና ነገር ምን ይመስልዎታል? ተገልብጣ በራሷ መነሳቷ። ጫፎቿ ከፍ ያሉ የአየር ሣጥን፣ ከታች ከባድ ብረት። የዉድሄቭ የሳህን ስባሪ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ንድፉን ጄምስ ፒክ የተባለ ሰው አሻሻለው፤ የነፍስ አድን ተቋሙም ተቀበለው። ተቋሙ በ1824 በሰር ዊሊያም ሂላሪ ጥረት የተመሠረተው ነው፤ ዛሬም በሕዝብ መዋጮ ይሠራል። የሬድካርን ጣቢያ የያዘው በ1858 ነው።

ወረቀት ላይ ተገልብጣ የምትነሳ ጀልባ ሁልጊዜ የተሻለች ትመስላለች። ባሕር ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ተገልብጣ እንድትነሳ ጠበብ ማለት አለባት። የጠበበች ደግሞ በቀላሉ ትገለበጣለች። ተገልብጣ ትነሳለች፤ ግን እሷ ስትነሳ ሰዎቿ የት ናቸው? ሰፊዋ እንደ ዜትላንድ ያለችው አንዴ ከተገለበጠች አበቃ፤ ነገር ግን ለመገልበጥ እምቢተኛ ናት። ክርክሩ አንድ መቶ ዓመት ያህል አላለቀም። አልፍሬድ ኮሪ እንኳ የሽልማቱ ዘመን ካለፈ ከአርባ ዓመት በኋላ ስትሠራ በራሷ የማትነሳ ሆና ነው የተሠራችው፤ የአካባቢው አጥማጆች የሚያምኑት ሰፊውን ዓይነት ስለሆነ ነው። የእኔ አስተያየት? ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ግን ጀልባዋ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የሚያምናት ጀልባ፣ መሐንዲሱ ከሚያምናት ይልቅ ሰው ታድናለች። ፈርቶ የሚቀዝፍ ክንድ ግማሽ ክንድ ነው።

በ1864 ብራዘርስ የምትባል ብሪግ ለማዳን ስትወጣ ዜትላንድ ተጎዳች። ተቋሙ አያት፤ ከእንግዲህ አትጠገንም አለ። በምትኳ ክሮስሊ የምትባል በራሷ የምትነሳ አዲስ ጀልባ ላከ። አሮጌዋ ትሰበር ተብሎ ለአንድ አናጺ ሥራው ተሰጠ። አናጺው መሣሪያውን ይዞ መጣ። መምታት ጀመረ።

የከተማው ሰው ድምፁን ሰማ። ወጣ። አናጺውን ከበበው። ምን እንደተባለ የሚጽፈው የለም፤ አናጺው ግን ሥራውን ትቶ ሄደ። ሲያስቡት ያ ሰው ምን አጠፋ? ተከፍሎት የመጣ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ጣራ የለሽ ግቢ ውስጥ የበሰበሰች ጀልባ እንድሰብር ተቀጥሬ አንዲት አሮጊት ከበር ቆመው ስላዩኝ ብቻ መዶሻዬ ከብዶኝ ያውቃል። እነዚያ የሬድካር ሰዎች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ከመሀላቸውም በዚህችው ጀልባ አባቱ የተረፈለት ይኖራል። ድርድር ተደረገ። ዜትላንድ ለከተማው ሰው ትሰጥ፤ ነገር ግን ሰው ለማዳን ከአዲሷ ጀልባ ጋር እንዳትሽቀዳደም ተባለ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ራሱ ብዙ ይናገራል። ተቋሙ የፈራው ጀልባዋ እንዳትሰበር አይደለም፤ ሰዎቹ ክሮስሊን ትተው እሷን እንዳይመርጡ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት ተቀመጠች። በ1880 ጥቅምት 28 ቀን ትልቅ ማዕበል ተነሳ። ሉና የምትባል ብሪግ ተገፍታ መጥታ የሬድካርን የእንጨት ድልድይ፣ ባሕር ውስጥ የገባውን የመዝናኛ ድልድይ፣ በርቅሳ አለፈች። የተቋሙ ጀልባ የዚያን ዕለት ተጎድታ ነበር። ሰዎቹ ጡረተኛዋን አወጡ። ሰባት ሰው ይዛ ተመለሰች። ዕድሜዋ 78 ነበር። የመጨረሻ ሥራዋ ይህ ሆነ። በ1907 ያዩት ሕንፃ ውስጥ ገባች፤ ሕንፃው ራሱ በ1877 የተሠራ የነፍስ አድን ጀልባ ቤት ነው። ዛሬ የሚንከባከቧት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እንጨቷ እንዴት ቆየ ላሉት፣ ግማሹ መልስ ይኸው ሕንፃ ነው። የነፍስ አድን ጀልባ ከሌላ ጀልባ የምትለየው ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ውስጥ መኖሯ ነው። ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ውሃ ላይ ያድራል፤ የባሕር ትል እንጨቱን ይሰረስረዋል። ይህች ግን በዓመት ጥቂት ቀን ወጥታ ትገባለች። ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የእንጨት ጀልባን የሚያበሰብሰው ጨዋማው የባሕር ውሃ አይደለም፤ የዝናብ ውሃ ነው። ጨው ሻጋታን ይከለክላል፤ ንጹሕ ውሃ ግን በስንጥቁ ገብቶ ቀስ ብሎ ይበላል። ለደጅ የተተወች ጀልባ በላስቲክ ተሸፍና ሳይቀር ስትፈርስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ባለቤቱ ግን የጠበቃት ይመስለዋል። ዜትላንድ አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው ጣራ ስር ነው። በሥራ ዘመኗ ደግሞ ተደጋግማ ተጠግናለች። ጀልባ ቆዳዋን እንደምትቀይር ይቁጠሩት፤ የተሰበረ ሰሌዳ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። ይህን ሰምተው «ታዲያ የመጀመሪያዋ ናት ማለት ይቻላል?» የሚሉ አሉ። ለእኔ ጥገናው የታሪኳ አካል ነው። ከመጀመሪያው ቀን ያልተነካች የነፍስ አድን ጀልባ ካለች ሥራ አልሠራችም ማለት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቀላሉ ነው። ዛሬ ባሕር ላይ ብትወርድ ታፈስሳለች። በደንብ ታፈስሳለች። ሰሌዳዎቿ እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው የተያያዙ ናቸው። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። እሷ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ደርቃ ነው የቆመችው። ሰሌዳዎቿ ጠበዋል፤ በመሀላቸው ውሃ እንደ ልቡ ይገባል። እንጨቱ አብጦ እስኪዘጋ ቀናት ይፈልጋል፤ ያረጀ እንጨት ደግሞ ሲያብጥ በምስማሩ ዙሪያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ማንም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው አያወርዳትም። እኔም አልመክርም። ከነቡሿ ብትወርድ ግን በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እስከ አፏ ሞልታ፣ ውሃው ከጫፏ ጋር እኩል ሆኖ፣ እዚያው ላይ ተቀምጣ የምትቀር ይመስለኛል።

ደግመው ከሄዱ መቅዘፊያ የሚታሰርበትን ችንካር ጠጋ ብለው ይዩት። እንዳይነኩት ግን።